የተረጎምኩት እኔ ነኝ

ለሰው ቀርቶ፣ በሱጁድ ግንባሬን መሬት ላይ ደፍቼ ለአላህ እንኳ በስሙ ጠርቼ ያልነገርኩት ነገር አለ። እሱ ያውቀዋል እያልኩ አልፈዋለሁ። ማወቁንማ ያውቃል፤ ሲነገር የራሴን ድምፅ መስማት የፈራሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ለእርስዎ እነግርዎታለሁ። አያውቁኝም፣ ፊቴን አያዩትም፣ ነገ ሱቄ ቢገቡም አይለዩኝም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ እስክጨርስ ድረስ እንዳያዝኑልኝ። ከጨረስኩ በኋላ ማዘን የሚያምርዎ አይመስለኝም።

ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለን። የአባቴ አያት ከየመን ተሻግሮ የመጣ ነጋዴ ስለነበር ቤታችን እስከ ዛሬ «አረቦቹ ቤት» ይባላል፤ ከአረብነት የቀረን ግን አፍንጫውና ቋንቋው ነው። አባቴ ቁርኣኑንም አረብኛውንም በአለንጋ ነው ያስቀራን። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነበርኩ። ባሌን ፈትቼ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላ የምኮራበት ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ይሁን አላውቅም፣ በአረብኛዬ እኮራ ነበር። ከአረብ አገር የተላከለትን መድኃኒት አጠቃቀም ማወቅ የፈለገ፣ እዚያ የሞተች ልጁን ወረቀት ማስተርጎም የፈለገ ወደ እኔ ይመጣል። «የአረቦቹ ልጅ ታውቀዋለች» ይባላል። ይቺ «ታውቀዋለች» የምትባል ነገር ልቤን ታሞቀው ነበር።

ሌላው የምወደው የፖሊስ ፕሮግራም ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኬን ከጣቃው ጨርቅ ላይ አስደግፌ እከፍተዋለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ አስናቀች የስፌት መኪናዋን አቁማ ትመጣለች፤ ልትገዛ የገባችም ሴት ቆማ ትቀራለች። ተራኪው በዚያ በሚያስፈራ ድምፁ «ተጠርጣሪው ግን አንድ ነገር ረስቶ ነበር» ሲል ትንፋሻችንን እንውጣለን። ዳኛው ከመፍረዱ በፊት እኛ ፈርደን ጨርሰናል። መጨረሻ ላይ የቅጣት ውሳኔው በነጭ ፊደል ሲወጣ ሱቁ ይናጋል።

«አስራ ሁለት ዓመት? በግ ሰርቆ ነው እንዴ!» ትላለች አስናቀች።

«በእኛ ግብር ሊቀለብ ነዋ» ትላለች ሌላዋ።

እኔ «ስቀሉት!» እላለሁ፣ ጨርቅ እየለካሁ። አፌን ሞልቼ ነው የምለው። ከዚያ ስልኬን አንስቼ እዚያው ከቪዲዮው ስር እጽፋለሁ፤ ፍርዱ አንሷል፣ ዳኛው ምን ነክቶታል፣ የእሱ ልጅ ቢሆንስ እንዲህ ይፈርድ ነበር? ሰው ላይክ ሲያደርግልኝ የተሾምኩ ያህል ደስ ይለኛል። በዚያች ሱቅ ውስጥ ስንቱን እንደሰቀልኩት እኔው ነኝ የማውቀው። ከሰቀልኳቸው አንዱ እንኳ እናት ይኖረው ይሆን ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ቀን የእኛው አገር ሰው በፕሮግራሙ ታየ። ሰይድ የሚባል የሐርቡ ገበሬ ነው። በመስኖ ውሃ ተራ ከጎረቤቱ ከከማል ጋር ተጣልተው በዶማ እጀታ ጭንቅላቱን መታው፤ ከማል በማግስቱ ሞተ። ሰይድ አልሸሸም። በእግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። ፍርድ ቤቱም እጁን መስጠቱን፣ ጥፋቱን ማመኑንና ከዚያ በፊት ጥፋት የሌለበት መሆኑን ማቅለያ አድርጎ ያዘለትና አስር ዓመት ጽኑ እስራት ፈረደበት። ሱቁ ተናጋ። «የሰው ነፍስ አስር ዓመት!» አልን። እውነቱን ለመናገር የሰይድን ፊት በደንብ እንኳ አላየሁትም፤ እንደ ሁልጊዜው ሰቀልኩት።

ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሲል ግን ከፍርድ ቤቱ በረንዳ የተቀረጸች አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። ሰይድን በካቴና ወደ መኪናው ሲወስዱት፣ ሻሿ ከራሷ የተንሸራተተ አንዲት አሮጊት ከሰው መሃል ወጥታ «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» አለችው። እናቱ ናት። ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ ካሜራውም አልፏት ሄደ።

ከቪዲዮው ስር አንድ ሰው፣ የወሎ ሰው አለመሆኑ ያስታውቃል፣ «እናትየዋ ምን አለችው? አብሽር ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ መለስኩ።

«አብሽር አረብኛ ነው። የምሥራች፣ ደስ ይበልህ ማለት ነው። አረብኛ ስለማውቅ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ይመልከቱኝ እስቲ። ውሸት አልጻፍኩም። የአረብኛ መዝገበ ቃላት ቢገልጡ እንዲያው ብሎ ያገኙታል። ግን ወሎ ተወልዶ አብሽር ምን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ታክሲ ያመለጠው አብሽር ይባላል። የታመመ አብሽር ይባላል። ልጁን የቀበረ አብሽር ይባላል። አይዞህ፣ አላህ አለ፣ ይህም ያልፋል ማለት ነው። እኔ ራሴ ፈትቼ የመጣሁ ቀን አባቴ፣ ያ ቃል የሚቆጥበው አባቴ፣ በሩን ከፍቶ «አብሽሪ» ብቻ ነው ያለኝ። በትዳሬ መፍረስ ደስ ይበልሽ ማለቱ ነበር? አውቅ ነበር። እያወቅኩ ጻፍኩት። እኔ ጻፍኩት። ለምን ቢሉኝ እናቲቱን ጠልቼ አይደለም፤ ጠልቻት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምይዘው አንድ ምክንያት ይኖረኝ ነበር። «ታውቀዋለች» እንድባል ነው። አብሽር አይዞህ ማለት ነው ብል ማን ልብ ይለኛል?

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። የእኔው አፋፉንም አልፎ ሄደ። ሰዎች ያቺን ቁራጭ ለብቻዋ ቆርጠው አወጧት። የአሮጊቷን ድምፅ አጥፍተው ሙዚቃ አስገቡባት፤ በላይዋ ላይ በቀይ ፊደል «ልጇ ሰው ስለገደለ ደስ ይበልህ ያለች እናት» ብለው ጻፉ። አብሽር የምትለዋ ቃል ጠፋች። ድምፁ ቢኖር ኖሮ ሐርቡ ያለ ሕፃን እንኳ ሰምቶ ይፈርድላት ነበር። የእሷ ቃል ወጥቶ የእኔ ትርጉም ገባ። ከስሩ የተጻፈውን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ ማህፀኗን ሳይቀር ነው የረገሙት። እኔም እየገባሁ አነብ ነበር። አንብቤም ጽሑፌን አላነሳሁም።

አስናቀች ቪዲዮውን አይታ «እኔ አላምንም። አብሽር እኮ ነው የምትለው፣ ከንፈሯን እዪው እስቲ» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ አረብኛ የት ታውቂና!» አልኳት።

ወደ መኪናዋ ተመለሰች። አስናቀች ክርስቲያን ናት፤ አብሽርን ግን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀው ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ የሰይድ ቅጣት ወደ አስራ አራት ዓመት ከፍ ማለቱን ሰማን። በእኛ ጩኸት ነው አልልም፤ ዳኛ በኮሜንት አይፈርድም ይባላል። እኛ ግን ያሸነፍን መሰለን። ሱቄ ውስጥ እልል ያለች ሴት ነበረች። እኔም ፈገግ ብያለሁ።

የሰይድን እናት፣ እማማ ዘሀራን፣ ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው፤ ስልክ ላይ እያየሁ አንቺ ያልኳቸው ይበቃኛል። ያኔ ያላወቅኩት ነገር፣ ሐርቡ ላይ ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ተነስተው እንደነበር ነው። በእኛ አገር ሰው ከተገደለ የፍርድ ቤቱ ፍርድ አንድ ነገር ነው፣ የደሙ ነገር ሌላ ነው። ደሙ እስኪደርቅ የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ጋር ከአንድ ምንጭ አይቀዳም፣ ለቅሶ አይደራረስም፣ መንገድ ላይ ሲያየው ይሸሻል። የታሰረውም ቢሆን ነገ ለይቅርታ ላመልክት ሲል፣ መጀመሪያ ከሟች ቤተሰብ ታርቀሃል ወይ ነው የሚባለው። የከማል አባት አባባ እንድሪስ ለሽማግሌዎቹ እሺ ሊሉ ጫፍ ደርሰው ነበር። ከዚያ አረብ አገር ያለች ልጃቸው ቪዲዮውን አይታ እያለቀሰች ደወለች። «የገዳዩ እናት በወንድሜ ሞት ደስ ይበልህ ብላዋለች፤ አንተ ልትታረቅ ነው?» አለቻቸው። ወንድሞቻቸውም ያንኑ ይዘው ተነሱ። እርቁ ቀረ። እማማ ዘሀራ ባል የላቸውም፣ ሌላ ልጅም የላቸውም፤ ቤታቸውን ዘግተው ቦሩ ሜዳ እህታቸው ዘንድ ተጠጉ።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ሱቄ ገቡ።

«አሰላሙ ዓለይኩም የኔ ልጅ። የአረቦቹ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«ወዓለይኩም ሰላም። ነኝ እማማ፣ ይግቡ።»

«አረብኛ ታውቃለች ብለው ላኩኝ። እንደው አላህ ያክብርሽ፣ አንድ ቃል ነው ያስቸገረኝ።»

ገና ሲገቡ አውቄያቸዋለሁ። ያንን ፊት በስልኬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በርጩማ ሰጠኋቸውና ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«ልጄን አብሽር አልኩት» አሉ። «ሌላ ምን ልበለው? ለሞተውም አልቅሻለሁ፤ ከማል እኮ ከልጄ ጋር ከአንድ ገበታ እየበላ ነው ያደገ። እንግዲህ ደስ ይበልህ ብለሻል ተባልኩ። አረብኛ የሚያውቅ ሰው ነው አሉ የተረጎመላቸው። ወላሂ እኔ፣ አረብኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አላህን የሚፈራ ነበር የሚመስለኝ።»

ምን ማለት ነበረብኝ? እግራቸው ስር መውደቅ ነበረብኝ። በርጩማውና እኔ መሃል አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም ነበር። እኔ ግን ጨርቅ ማጣጠፌን ቀጠልኩ።

«ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ ተመልሰው ሊሞክሩልኝ ነው» አሉ። «እንድሪስ ‹ቃሉን የሚያውቅ ሰው አምጡና በቤተሰቤ ፊት ይማል› ብሏል። ሰኞ ኮምቦልቻ መናኸሪያ እንገናኝና አንድ ላይ ወደ ሐርቡ እንወርዳለን። ነይልኝ ልጄ። የአንቺን ቤት ሰው ሁሉ ያምነዋል። ደሙ ደርቆልኝ፣ ቤቴ ገብቼ ልሙት። ሌላ አልፈልግም።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ።

ይህንንም ልተርጉምልዎ? ኢንሻአላህ አላህ ከፈቀደ ማለት ነው። እኛ ከተሜዎቹ ዘንድ ደግሞ እንቢ ለማለት ያፈረ ሰው የሚሸሸግባት ቃል ሆናለች። እማማ ዘሀራ የሐርቡ ሴት ናቸው፤ ኢንሻአላህን እንደ መሐላ ነው የሚይዙት። ተነስተው ጉንጬን ሳሙኝ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁት። ያን ፊት እኔ እንደፈታሁት፣ ሰኞ ደግሞ እኔው እንደማጨልመው ያን ጊዜውኑ አውቅ ነበር።

ሰኞ ሆነ። ሰኞ የገበያችን ትልቁ ቀን ስለሆነ ሱቅ ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ አልኩ፤ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው። እውነቱ ፍርሃት ነው። በሰው ፊት ምዬ አብሽር አይዞህ ማለት ነው ካልኩ በኋላ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ታዲያ ይህን የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም ወይ?» ቢለኝስ? ስሜ እዚያው ከጽሑፉ ጎን ነው ያለው። ያን ጠዋት ጽሑፌን አጠፋሁት። ስልኬንም ዘጋሁ። ስንቱን «ማስረጃ ለማጥፋት ሞክሯል» ሲባል ሰምቼ ቅጣቱን ያከበድኩበት ሰው ነኝ፤ ራሴ ሳደርገው እጄ እንኳ አልዘገየም። ቀኑን ሙሉ ሸጥኩ። ከደንበኛ ጋር ስቄም ነበር።

ረመዳን ሊገባ ሲል አንድ ጎልማሳ መጥቶ አቡጀዲ ጠየቀኝ። ክንዱን ሲነግረኝ ለከፈን መሆኑ ገባኝ። በሱቃችን ደንብ ከፈን የሚገዛን ሰው ማን ሞተብህ ሳንል፣ አላህ ያጽናህ ሳንል አንቆርጥም።

«ለአክስቴ ነው፣ ለዘሀራ» አለኝ። «ሌሊቱን ቦሩ ሜዳ አረፈች።»

ለካሁ፣ ቆረጥኩ። እነዚህ ለመጻፍ የፈጠኑ እጆቼ ናቸው የለኩላቸው። ሰውየው እያየኝ ቆየና «የአረቦቹ ልጅ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለኝ። «ስታነሳሽ ነበር። ያን ሰኞ መናኸሪያው ላይ እስከ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ሶላት ጠበቀችሽ። ሽማግሌዎቹ እንሂድ ሲሏት እንኳ ‹ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ ብላኛለች› ብላ አስቸገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ‹ያቺ ልጅ ምን ነክቷት ይሆን፣ ታማ እንዳይሆን፣ አንዳችሁ ሄዳችሁ ጠይቋት› እንዳለች ነው የሞተችው።»

ለእኔ ፈርተው ነው የሞቱት። ቀርታብኛለች ብለው እንኳ አልጠረጠሩኝም። ጨርቁን ሰደቃ ይሁን ብዬ ሰጠሁት፤ እሱም መርቆኝ ሄደ። ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ ጣቃ ጨርቅ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ምን ዋጋ አለው? ለማን ነበር የማለቅሰው? ለእሳቸው ነው ብዬ እንዳልምል፣ ያን ጊዜም በመሃል በመሃል «እንኳን ማንም አላወቀ» የሚል ሐሳብ ብቅ ይል ነበር። እንዲህ ያለች ሰው ነኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ከቀብራቸው በኋላ ሐርቡ ወረድኩ። አባባ እንድሪስን ከሽንኩርት ማሳቸው ዳር ከጥላ ስር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከደሴ መምጣቴን፣ አረብኛ ማወቄን ነገርኳቸው።

«አባባ፣ አብሽር እዚህ እኛ አገር አይዞህ ማለት ነው። እማማ ዘሀራ ሌላ ነገር አላሉም። በአላህ እምልልዎታለሁ» አልኳቸው።



«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህንንማ እኔ አጥቼው ነው? እዚሁ ተወልጄ እዚሁ የሸበትኩ ሰው? ድምጿን ባልሰማም ዘሀራን አውቃታለሁ። ግን ወንድሞች አሉኝ፣ ሴት ልጅ አለችኝ። ‹የልጁን ደም ረሳ› እንዳይሉኝ፣ ዘመድ ያልሆነ አንድ ሰው መጥቶ እፊታቸው እንዲቆምልኝ ነበር የፈለግሁ። ያን ሰኞ ሁሉንም ሰብስቤ፣ የእርቁን ሙክት አስሬ ነበር የጠበቅኋችሁ። ሽማግሌዎቹ ምስክር ሳይዙ ሲመጡ ወንድሞቼ ‹አየህ፣ ውሸት ስለሆነ ነው የሚምልላት የታጣው› ብለው ተነሱ። እኔም አፍሬ ተነሳሁ።»

«አሁንስ? ለሰይድስ ቢሆን?»

«አሁን ማን ይለምነኛል? የምትለምነኝ ሞተች። ወንድሞቼም ከእንግዲህ አንዴም አይሰበሰቡልኝ።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ያን ቃል እንዲያ አድርጎ የተረጎመውን ሰው ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

የመጣሁት ለዚህ ነበር። ሐረጎን ቁልቁል ስወርድ፣ ኮምቦልቻን ሳልፍ፣ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነው የመጣሁት። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ እኔ ነኝ ማለት።

«አላውቀውም» አልኩ።

«እሱን አላህ ይይለት። የእናት እንባ በደጁ አይደርቅ» አሉ። ቀጥለውም ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አንቺን ግን፣ ዘግይተሽም ቢሆን ሐቅ ይዘሽ መጥተሻልና፣ አላህ ሐቅ ከሚናገሩት ያድርግሽ። ቤትሽን ይሙላው» ብለው መረቁኝ።

«አሚን» አልኩ።

በአንድ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ ተረግሜ ተመረቅኩ፤ አሚንም አልኩበት። የትኛው እንደሚደርስ አላውቅም። የሰው ሐቅ ያለበትን ሰው ባለሐቁ አፉ ሳይለው አላህ አይምረውም ብሎ አባቴ በአለንጋ አስተምሮኛል። ባለሐቋ አፈር ውስጥ ናቸው። አንደኛው ባለሐቅ በማላውቀው ሰው ስም ረግመውኝ ሸኝተውኛል። ሰይድ ቀርቷል፤ እሱ እዚሁ ደሴ ማረሚያ ቤት ነው፣ ከሱቄ በእግር ይደረሳል። የእናቱን ቀብር እንኳ አላየም። የመጠየቂያው ቀን በመጣ ቁጥር ስንቅ ቋጥሬ እስከ በሩ እሄዳለሁ። ጠባቂው «ማንን ነው? ስምሽ ማነው?» ሲለኝ ተሳስቻለሁ ብዬ እመለሳለሁ።

እርስዎም አፉ እንዳይሉኝ። አፉ የሚሉት ሐቅ የእርስዎ አይደለም። ደፍራ ተናዘዘች እንዳይሉም፤ ለሚመለከተው መንገር አቅቶኝ ነው ለማይመለከተው የነገርኩት። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የገዳዩን ስም ጠርቻለሁ፣ የሟቹን፣ የሁለቱን ወላጆች፣ የጎረቤቴን ሳይቀር ጠርቻለሁ። የእኔን ፈልገው ካጡት፣ ረስቼው አይደለም።